የወንድሜን ኩባያ ለይቼ ነበር

ይህን ጽሑፍ ስንቴ ጀምሬ ስንቴ እንደተውኩት እኔ ነኝ የማውቀው። በመጨረሻ ወንድሜ ራሱ "ጻፊው እንጂ፣ ስሜን ብቻ እንዳትጠሪ" አለኝ። ስለዚህ ስም የለም። ነገሩ የሆነው ለንደን ውስጥ ነው፣ ከ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ 90ዎቹ መጨረሻ ድረስ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እዚህ ከኖርኩት ዘመን ብዛት ጭንቅላቴ በዚያው ነው የሚቆጥረው። እንግሊዞች ያኔ ኤድስን እንዴት ይፈሩ እንደነበር ዛሬ ለልጅ ብትነግሩት ተረት ይመስለዋል። እኔ ደግሞ ያን ፍርሃት ከእነሱ ተበድሬ፣ ከአገር ቤት ያመጣሁትን ይሉኝታ ጨምሬበት፣ ገዛ ቤቴ አስገባሁት። ዕዳውን የከፈለው ወንድሜ ነው።

ለንደን የገባሁት በ1986 በሱዳን በኩል ነው። በአገሩ ሥራ ያጣው ሰው ከሦስት ሚሊዮን በላይ ነበር፣ ቢሮ ማጽዳት ግን መቼም አይጠፋም። ኬንቲሽ ታውን አንድ ትንሽ ቤት ተሰጠኝ፣ ደረጃ የሚወጣበት። እንግሊዝኛዬ ከ"ሶሪ" እና ከ"ታንክ ዩ" ብዙም አያልፍም።

በ1987 መጀመሪያ ላይ በበሩ የፖስታ ቀዳዳ አንድ ወረቀት ገባ። መንግሥት በመላው አገሪቱ በየቤቱ የላከው ነው። ቴሌቪዥኑም ስለዚያው ያወራል። ተራራ ይፈነዳል፣ ድንጋይ በመሮ ይጠረባል፣ ጭሱ ገለል ሲል የመቃብር ድንጋይ ነው፣ ላዩ ላይ "ኤድስ" የሚል ተቀርጾበታል። ከዚያ አበባ ይጣልበታል። ድምፁ ወፍራም የወንድ ድምፅ ነው፣ ምን እንደሚል አይገባኝም፣ ግን መግባት አያስፈልገውም። ቋንቋ ለማያውቅ ሰው ከዚያ የበለጠ ግልጽ ነገር ከየት ይመጣል? በሽታው ማለት መቃብር ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን የሥራ ጓደኛዬ ስትተረጉምልኝ "ባለማወቅ አትሙት" ማለት ነው አለችኝ። እኔም ሳላነበው ከጋዝ ቢሎች ጋር መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። እንደዚህ ያለ ነገር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እንግዳ ቢያየውስ?

ስለ ወረቀቱ በኋላ እመለሳለሁ።

ያኔ የአገሩ ሰው የፈራው በሽታውን ብቻ አልነበረም። ጋዜጦቹ "የሰዶማውያን መቅሰፍት" እያሉ ነበር የሚጽፉት። በዚያው በ1987 በተደረገ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ከመቶ 64 ሰው የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ሁልጊዜም ስህተት ነው ብሎ ነበር። በማግስቱ ዓመት ደግሞ የአካባቢ ምክር ቤቶች ጉዳዩን እንዳያስተዋውቁ፣ በትምህርት ቤቶቻቸውም መልካም ተደርጎ እንዳይቀርብ የሚከለክል ሕግ ወጣ፣ ሴክሽን 28 የሚባለው። ደማቸው የማይረጋ ሕመምተኞች፣ ከሆስፒታል በተሰጣቸው መድኃኒት የተያዙ፣ ከሺህ በላይ ነበሩ። እነሱን "ምስኪኖቹ" ይሏቸዋል። ሌላው "የእጁን ያገኘ" ነው። እኛ ሐበሾቹም ቡና ላይ ተቀምጠን የምናወራው ይህንኑ ነበር። ማንን እንደሚይዝ፣ ማንን እንደማይዝ እኛው ፈርደን ጨርሰናል።

በሌሊት የማጸዳው ሲቲ በሚባለው የለንደን የባንኮች ሠፈር ውስጥ ያለ አንድ ቢሮ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚሠራ አንድ ሰውዬ "ያለበት" ነው የሚል ወሬ ተነሳ። አለቃችን ድርብ ጓንት አመጣልን። ሌሎቹ ፎቁን አናጸዳም ሲሉ ተራው እኔ ላይ ወደቀ። የስልኩን መያዣ በበረኪና ጠረግኩ። ጠረጴዛው ላይ ድመት የተሳለበት ኩባያ ነበረው፤ በወረቀት ጠቅልዬ አንስቼ፣ ከስሩ ጠርጌ መለስኩት። ሰውየውን አንድ ቀን እንኳ አይቼው አላውቅም፣ እኛ የምንወጣው እነሱ ሳይገቡ ነው። ከወራት በኋላ ጠረጴዛው ባዶ ሆነ። ኩባያውም የለም። ማን ነበር፣ የት ሄደ ብዬ አልጠየቅሁም። እፎይ ነው ያልኩት። ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል።

ከእኔ ታች የሚኖሩ አንድ አሮጊት ነበሩ፣ እንግሊዛዊት፣ ባላቸው የሞቱባቸው። እሳቸው ደግሞ ቤተ ክርስቲያናቸው ሄደው ቁርባን ላይ ከጽዋው መጠጣት አቁመው ነበር። ሁሉም በአንድ ጽዋ ነው የሚጠጣው፣ ማን ምን እንዳለበት በምን ይታወቃል ብለው። በሚያዝያ 1987 ልዕልት ዳያና ሚድልሴክስ ሆስፒታል ሄዳ ለኤድስ ሕመምተኞች ብቻ የተዘጋጀውን ክፍል ስትከፍት አንዱን በሽተኛ ያለ ጓንት ጨበጠችው። ፎቶው በየጋዜጣው ወጣ። ሰውየው ፊቱ እንዳይታይ ከጀርባ ነው የተነሳው። አሮጊቷ ጋዜጣውን ደረጃው ላይ አሳዩኝና "ትንሽ ልጆች ያሏት ሴት! ምን ነካት?" አሉ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ተስማምተናል ማለት ነው።

ወንድሜ በ1989 መጣ። ታናሼ ነው። ሦስት ዓመት አብረን በሰላም ኖርን፣ እሱ ሬስቶራንት ሳህን ያጥባል፣ እኔ አጸዳለሁ። በ1992 ሳል ጀመረው። ሌሊት ላብ ያጠምቀዋል፣ ሱሪው ከወገቡ ይንሸራተታል። ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ ስለምነው እሺ ይላል፣ አይሄድም። ምክንያቱን በኋላ ነው የነገረኝ። ያኔ ለቤት ብድር የሕይወት ኢንሹራንስ ስትጠይቁ ፎርሙ ላይ "የኤች አይ ቪ ምርመራ አድርገህ ታውቃለህ?" የሚል ጥያቄ ነበረ። ውጤቱ ነፃ ቢሆን እንኳ መመርመሩ ራሱ እንደ ምልክት ይታይ ነበር። ጥያቄው የቀረው በ1994 ነው። ጓደኛው "ከተመረመርክ ፋይልህ ላይ ይጻፋል፣ ወረቀትህም ይበላሻል" ብሎት ነበር። የኢንሹራንሱ እውነት ነበር፣ የመኖሪያ ወረቀቱ ነገር ግን ፈጠራ ነው። በዚያ ፈጠራ አንድ ዓመት አጣ።

በመጨረሻ የሳንባ ነቀርሳ ተገኘበት፣ በዚያው ደሙ ተመረመረ። ውጤቱን ሊነግሩት ሲጠሩት አማርኛ አስተርጓሚ አስቀምጠውለታል። ሰውየው ቤተ ክርስቲያን የሚያውቀው ሰው ሆኖ ተገኘ! ወንድሜ "እንግሊዝኛ እችላለሁ" ብሎ አስወጣው። የነገሩትን ግማሹን ሳይሰማ ወጣ። ልትሞት ነው ያሉት መሰለው።

እዚህ ላይ ምክር ልጨምር። ዛሬም አስተርጓሚ ሲመጣላችሁ የምታውቁት ሰው ከሆነ ወይም ካላመናችሁት "ሌላ ይቀየርልኝ" የማለት መብት አላችሁ። በስልክ፣ ከሌላ ከተማ የሆነ ሰው፣ ስማችሁ ሳይነገረው እንዲያስተረጉም ጠይቁ። አያሳፍርም፣ የተለመደ ነው። ዘመድ ወይም ልጅ ይዛችሁ ግን አትግቡ።

ለእኔ ለመናገር ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ማድ ቤት ሽንኩርት እያቁላላሁ ነበር። ከኋላዬ ቆሞ "እታለም፣ በደሜ ውስጥ ተገኘ" አለ። ምን ተገኘ አላልኩም። ሽንኩርቱ እስኪያር ድረስ አማሰልኩ፣ ዞሬም አላየሁትም። ሁለቴ ለመዞር ሞክሬ ነበር፣ አንገቴ እንቢ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ክፉ ቃል አልተናገርኩትም። ክፉ ቃል ብናገረው ይሻል ነበር እላለሁ አንዳንዴ፣ ቢያንስ ይመልስልኝ ነበር። እኔ ያደረግኩት ዝም ብሎ መለየት ነው። እንጀራ በአንድ ገበታ እንበላ የነበርነው "አንተ በደንብ እንድትበላ" ብዬ በሳህን አቀረብኩለት። ጉርሻ ቀረ። "ቡና ለሳንባህ አይስማማም" አልኩት፣ ሲኒዬን እንዳይነካ ነው። ሽንት ቤት በገባ ቁጥር ተከትዬ በረኪና እደፋለሁ፣ ሽታው ደረጃው ድረስ ይወርዳል። ከሰማያዊዎቹ ኩባያዎች አንዱን መረጥኩና ከስሩ፣ ጠረጴዛ በሚነካው በኩል፣ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አደረግኩበት። ሁሌ ሻይ የምሰጠው በዚያ ነው። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ሁለት ወር ያህል እንዲህ ሄደ። አንድ እሁድ ሳህን ሲያጥብ ኩባያውን ገልብጦ አየው።

"እታለም፣ ይቺ ቀይ ነገር ምንድናት?"

"እኔ እንጃ፣ የጥፍር ቀለም ነክቷት ይሆናላ።"

"አንቺ ጥፍርሽን ተቀብተሽ ታውቂያለሽ እንዴ?"

ተቀብቼ አላውቅም። ለዚያችው ነጥብ ብዬ ነው የገዛሁት። ጠርሙሱ እዚያው መስኮቱ ላይ ነበር። እሱም አየው፣ እኔም አየሁት። ኩባያውን አደረቀና በጃኬቱ ኪስ ከተተው። ማታ ልብሱን በፌስታል ይዞ ብሪክስተን ጓደኛው ዘንድ ሄደ። ለሰው "ለሥራው ስለሚቀርበው ነው" አልኩ። ለእናታችን አዲስ አበባ ስልክ ደውዬ "ትንሽ ሳንባውን አሞት ነበር፣ ድኗል" አልኳት።

ስምንት ወር አልተያየንም። በ1993 ክረምት፣ በረዶው ሰሞን፣ ታች ያሉት አሮጊት በሬን አንኳኩ። "ወንድምሽ ሆስፒታል ነው፣ የሳንባ ምች ነው፣ ትናንት አይቼው መጣሁ" አሉኝ። እንዴት አወቁ? እሱ ነግሯቸዋል። ዕቃ ሲሸከምላቸው ኖሮ የለ፣ ከሄደ በኋላም እየደወለ ይጠይቃቸው ነበር። በሽታውንም ነግሯቸዋል። ለእኔ ሦስት ሳምንት የፈጀበትን ለእሳቸው በአንድ የስልክ ጥሪ ጨረሰው።

ሄድኩ። ሚድልሴክስ ሆስፒታል፣ ያው ዳያና የከፈተችው ክፍል። በሩ ላይ ቆሜ ነው መግባት ያቃተኝ። አሮጊቷ ቀድመውኝ መጥተው አልጋው አጠገብ ተቀምጠዋል። ወንድሜ አጥንት ሆኗል። ምሳውን ጨርሶ መብላት ስላቃተው የተረፈውን ካስተርድ፣ ያን የወተት ጣፋጭ፣ በራሱ ማንኪያ እየጨለፉ ይበላሉ። አዎ፣ በእሱ ማንኪያ። እኔን ሲያዩ ማንኪያውን እንኳ አላወረዱም። "እንዲህ ያለ ካስተርድ መድፋት ኃጢአት ነው፣ ላቭ" አሉኝ።

ጽዋ የተዉት ሴትዮ!

ስንወጣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ጠየቅኳቸው። እንዴት አይፈሩም? ስለ ቴሌቪዥን ነው የነገሩኝ። ቢቢሲ ላይ ሁሌ የሚያዩት ተከታታይ ድራማ አለ፣ ከ1991 ጀምሮ አንዱ ባለታሪክ ቫይረሱ በደሙ ያለ ወጣት ነው። አትክልት ይሸጣል፣ ከአባቱ ጋር ይጨቃጨቃል፣ ይዋደዳል። "ሁለት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሁለቴ ቤቴ እየገባ ማንንም አላስያዘም" አሉኝ እየሳቁ። ደግሞ ዘፋኙ ፍሬዲ መርኩሪ በዚያው በ1991 በኅዳር፣ መታመሙን ባስታወቀ ማግስት ሲሞት ልጃቸው ቤት ውስጥ ሲያለቅስ አይተዋል። ሐኪም ወይም መንግሥት አይደለም የለወጣቸው። ፊት ማየት ነው። እኔ ዘንድ ደግሞ ፊቱ ቤቴ ውስጥ ነበር፣ ዞሬ አላየሁትም እንጂ።

ማታ ቤት ገብቼ መሳቢያውን ገለበጥኩት። ያ የ1987 ወረቀት ከቢሎቹ ስር ተጣጥፎ አለ። በስድስት ዓመት እንግሊዝኛዬ ተሻሽሏል፣ መዝገበ ቃላት ይዤ ተቀመጥኩ። በተለመደ አብሮ መኖር አይተላለፍም ይላል። በየቤቱ ተልኮ፣ እኔም ቤት ስድስት ዓመት ተቀምጦ።

በማግስቱ ሽሮ ሠርቼ፣ እንጀራ በሻሽ ጠቅልዬ ሄድኩ። የመጀመሪያዋን ጉርሻ ሳጎርሰው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዋሽቼ አልፈራሁም አልልም። ወንድሜ አኘከ፣ ዋጠ፣ "ጨው አንሶታል" አለ።

ከሆስፒታል ሲወጣ ላድብሮክ ግሮቭ አካባቢ ያለው ላይትሃውስ የሚባለው ማዕከል ተቀበለው። እዚያ ካፌ ነበር፣ የታመመውም ያልታመመውም፣ የሠፈሩም ሰው ገብቶ የሚበላበት። እኔ ሰውን ማስታመም የተማርኩት እዚያ ቁጭ ብዬ በማየት ነው። ከዚያ ወደ ቤት መጣ።

አሁን ስለ መድኃኒቱ። በ1996 በርካታ መድኃኒት በአንድ ላይ የሚሰጥበት ሕክምና መጣ። እስከዚያ ድረስ በየወሩ ቀብር ነበር፣ ከዚያ በኋላ ሰው ከአልጋ ሲነሳ ማየት ጀመርን። ግን መድኃኒቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንዱን በየስምንት ሰዓቱ ባዶ ሆድ፣ ከብዙ ውሃ ጋር ነው የሚውጠው፣ ሌላውን በሌላ ሰዓት። ማንቂያ ሰዓት ሌሊት ይጮኻል። በ1997 ዐቢይ ጾም ሲገባ ወንድሜ ለእኔ ሳይነግረኝ ጾመ። ውሃውም ቀረ፣ ክኒኑም ቀረ። "እግዜር ካዳነኝ ምን ያደርግልኛል" አለ። ከፋሲካ በፊት ተመልሶ አልጋ ያዘ፣ ከዚያም አንደኛው መድኃኒት አልሠራ ብሎ ተቀየረ። የንስሐ አባቱ ሲሰሙ ተቆጡ። "ማን ነው በሽተኛ ይጹም ያለህ? መድኃኒትህን ውጥ፣ ጠበሉንም ጠጣ፣ ሁለቱ አይጣሉም" አሉት። ያን ቃል ቀድመን ብንጠይቃቸው ኖሮ! አንባቢ ሆይ፣ በጾምም ሆነ በጠበል ጊዜ መድኃኒት አታቋርጡ። ልታደርጉት ያሰባችሁትን መጀመሪያ ለሐኪማችሁም ለካህናችሁም ንገሩ። ሁለቱም ከምታስቡት በላይ የሚያውቁት ነገር ነው።

በዚያ ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ዳያና ሞተች። ወንድሜ ገና ከመዳኑ ነው፣ ከአሮጊቷ ጋር አውቶቡስ ይዘው ኬንሲንግተን ቤተ መንግሥት ድረስ አበባ ይዘው ሄዱ። አበባው ባሕር ሆኗል። አሮጊቷ "ምን ነካት ብያት ነበር" አሉ አሉ፣ ሌላ አልተናገሩም።

ዛሬ ነገሩ ሁሉ ተለውጧል፣ ለሚያስፈልገው ሰው ልንገር። እንግሊዝ ውስጥ ምርመራው ነፃና ምስጢር ነው፣ ወረቀት ይኑራችሁም አይኑራችሁም። ሕክምናውም ከጥቅምት 2012 ጀምሮ ለማንም ነፃ ነው፣ ጥገኝነት የተከለከለም ቢሆን። ለቫይረሱ ተጋልጠን ይሆናል ብላችሁ ከሠጋችሁ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመር መከላከያ አለ፣ ነገ ዛሬ አትበሉ። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ ወደማይታይ ደረጃ የወረደለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላው አያስተላልፍም። ይህን ስንቱ ሐበሻ ዛሬም አያውቅም። ወንድሜ አሁን የሚውጠው በቀን አንድ ክኒን ነው። ደብዳቤ ቤታችሁ እንዳይመጣ ከፈለጋችሁም ለክሊኒኩ ንገሩ።

ለቤተሰብ ደግሞ፦ አንድ ሰው ሲነግራችሁ መጀመሪያ ዙሩና እዩት። ምን እንደምትሉ ካላወቃችሁ ዝም ብላችሁ አብራችሁ ብሉ። የሚያማክራችሁ ካስፈለገ ለብቻችሁ ክሊኒኩን ጠይቁ፣ ፍርሃታችሁን እሱ ፊት አታራግፉ። ለማን እንደሚነገር የሚወስነው እሱ ነው፣ እናንተ አይደላችሁም። እኔ "ለእናቴ መዋሸት ደግነት ነው" ብዬ አሥራ ሁለት ዓመት ዋሸሁ። በ2005 አገር ቤት መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር እናቴ በስልክ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ አወራችና፣ ልትዘጋ ስትል "እዚህም እኮ በነፃ ጀመሩ፣ ለወንድምሽ ንገሪው፣ አገሩ መምጣት ቢፈልግ ችግር የለም" አለችኝ። ለካ ስታውቅ ኖራለች። በምን እንዳወቀች ጠይቄያት አላውቅም።

አሮጊቷ አርፈዋል። ሚድልሴክስ ሆስፒታልም ፈርሶ አፓርታማ ተሠርቶበታል፣ ጸሎት ቤቱ ግን ሳይፈርስ ቆሟል። ወንድሜ ሚስት አግብቶ ሁለት ልጆች አሉት፣ ማንኛቸውም ቫይረሱ የለባቸውም። ቤቱ ስሄድ ሚስቱ ቡና ታፈላለች፣ ቀድሞ ግን ሻይ ነው፣ ሻዩን የሚያመጣልኝ ደግሞ እሱ ራሱ ነው፣ ማንንም አያስነካም። በዚያችው ሰማያዊ ኩባያ። ነጥቧ ግማሹ ተፍቋል። ጠጥቼ ስጨርስ ገልብጬ አያታለሁ፣ እሱም እያየኝ "ስኳር ልጨምርልሽ እታለም?" ይለኛል።